ትኩሳቱ ሁሉ ወባ የነበረበት ሜዳ

የፎገራ ሰው ሲያተኩሰው የበሽታውን ስም ይዞ ነው ሐኪም ቤት የሚመጣው። ወረታና በዙሪያዋ በላቦራቶሪ ሙያ በኖርኩበት ዘመን፣ ከመስኮቴ ፊት የቆመ ሰው «ምንህን አመመህ?» ሲባል ራሱን ወይም ሆዱን አይጠራም። «ወባ ነው፣ ወንድምዓለም» ይላል፤ ጣቱንም ሳይጠየቅ ይዘረጋል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ልክ በሆነበት ብዛት ግን፣ ልክ ያልሆነ ዕለት የሚጠራጠር አይገኝም፤ ታማሚውም አይጠራጠር፣ እኛም አንጠራጠር። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣና በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ምን እንዳስከፈለ፣ ከተመዘገበውና በሙያዬ ካየሁት ልተርክ።

የፎገራ ሜዳ ከጣና በስተምሥራቅ ተኝቷል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው፣ ሜዳውን አቋርጠው ሐይቁ ውስጥ ይገባሉ። ክረምት ላይ ሁለቱም ከአፋቸው ወጥተው ዋልካውን ያለብሱታል። መስከረም ሲጠባ ውኃው ይሸሻል፤ በየቦዩና በየከብቱ ኮቴ የቀረው ግን ሳይንቀሳቀስ ይከርማል፤ ትንኙም እዚያ ይፈለፈላል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግና እና ሻጋ ላይ ሩዝ ካስጀመሩ ወዲህ ደግሞ ውኃ የሚተኛበት ማሳ የኑሯችን መሠረት ሆነ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የእሸትም የንዳድም ወቅት ነው።

የዚህ አገር ሰው ወባን የሚፈራው በወሬ ብቻ አይደለም። በ1945 እና 46 ዓ.ም. ከጣና በስተሰሜን ያለው የደምቢያ ሜዳ 7,000 ያህል ሰው በወረርሽኝ እንዳጣ ተጽፏል። ከዚያ በ1950 ክረምት የጀመረው እስከ 1951 ታኅሣሥ ድረስ የአገሪቱን ደጋማ ሸለቆዎችና ሜዳዎች አዳረሰ፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። እናቴ ያንን ዓመት የምታነሣው በሬሳ ብዛት አልነበረም። የደረሰ እህል የሚያጭድ ጉልበት ጠፍቶ ማሳ ላይ መርገፉን ነበር የምትነግረን፤ ከአንድ ቤት አባትም ልጅም አብረው ሲተኙ ውኃ የሚያቀብላቸው እንኳ አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ልጁን ብርድ ብርድ ሲለው ሌላ ስም እንዲፈልግ መጠበቅ አይገባም።

ከዚያ ወረርሽኝ ቀጥሎ መንግሥት ከውጭ አጋሮቹ ጋር ሆኖ የወባ ማጥፊያ አገልግሎትን አቋቋመ። ዲዲቲ ረጪዎች ቤት ለቤት ዞሩ፤ ደም ሰብሳቢዎችም እንደዚሁ። እኔ ከእነርሱ ሥራ አንዱን ነገር ከሁሉ በላይ ሳስበው ኖሬአለሁ። በዚያ ዘመን በነበረው የማጥፋት ፕሮግራም ደንብ፣ ደም የሚሰበስበው ሠራተኛ የታማሚውን ጣት ወግቶ ጠብታውን ስላይድ ላይ ካኖረ በኋላ የክሎሮኪን ኪኒን እዚያው ያስውጠዋል። ስላይዱ ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ውጤቱ ሲመለስ ለቆጠራው እንጂ ለሰውዬው የሚጠቅምበት ጊዜ አልፏል። ለማጥፋት ዘመቻ ይህ አሠራር ምክንያት ነበረው፤ አንድም ታማሚ ያለ መድኃኒት እንዳይቀር ነው። በሰው አእምሮ ውስጥ የተወው ነገር ግን ከዘመቻው ይልቅ ረዘመ። ደም መስጠት ለመድኃኒቱ የሚከፈል ዋጋ ሆነ። ጣቱን የተወጋ ሰው ውጤቱን ሳይጠይቅ ኪኒኑን ይዞ መሄድ ለመደ። ልጆቹም ከእርሱ ተማሩ።

እኔ ሥራ ስጀምር ይህ ልማድ በቦታው ነበር። ስላይዱን በጊምሳ አቅልሜ፣ ዘይት አንጠባጥቤ፣ አንድ መቶ የእይታ ክብ ቆጥሬ «አልተገኘም» ብዬ እጽፋለሁ። ታማሚው ወረቀቱን ይዞ ወደ ሐኪሙ ይመለሳል፤ ቆየት ብሎ የወባ መድኃኒት ይዞ በደጄ ያልፋል። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ስለዚህ የመድኃኒት አሰጣጥ ሐኪሙን ጠይቄ የተመለሰልኝ «እንዲህ እያተኮሰው ባዶ እጁን ልስደደው?» የሚል ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም። በትኩሳት የሚንቀጠቀጥን ገበሬ ባዶ እጁን መስደድ ለእርሱ ጭካኔ ነበር፤ «አላወቅሁትም፣ ይቆይ» ማለት ደግሞ ሙያውን የማያውቅ ሰው ንግግር ይመስለው ነበር። ታማሚውም በበኩሉ ከሱቅ ሁለት ፍሬ ክሎሮኪን ገዝቶ መዋጡን፣ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት መብላቱን፣ ጠበል ሲጠመቅ መሰንበቱን አይናገርም። ሐኪሙ የሚቆጣው ይመስለዋል። ሁለት ፍሬ ኪኒን ግን በሽታውን ሳይነቅል ተውሳኩን በማይክሮስኮፕ እስከማይታይ ድረስ ሊያሳንሰው ይችላል። ያን ጊዜ እኔ በቅንነት የጻፍኩት «አልተገኘም» ውሸት ይሆናል፤ ሐኪሙ በላቦራቶሪ ላይ ያለው እምነት ይቀንሳል፤ በማግስቱ የመጣ ሌላ ታማሚ ውጤትም አብሮ ይረክሳል። ሁለቱም ወገን ያለ ክፋት ዝም ተባባሉ፤ በመካከላቸው ያለው ወረቀት ትርጉም አጣ።

ዝም የሚባልበት ሌላም ነገር ነበር፤ ቆላ መውረድ። ከፎገራ፣ ከሊቦ፣ ከደራና ከእብናት ጎልማሳው ክረምት ላይ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። ሰሊጥ ያርማል፣ ሰሊጥ ያጭዳል፣ ጥጥ ይለቅማል። እዚያ ሳሉግ ይባላል። መሬት ላይ ይተኛል፣ ከግራር ሥር ያርፋል፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ገንዘቡን ቋጥሮ ይመለሳል። የተመለሰውም ሁሉ የት እንደዋለ አይናገርም። አንዳንዱ ከቤተሰብ ተጣልቶ ነው የሄደ፤ አንዳንዱ ተማሪ ሆኖ ከትምህርት ቤት ጠፍቶ፤ አንዳንዱ ደግሞ የመተማን ከተማ ሌሊት ሚስቱ ፊት ማንሣት አይፈልግም። ሐኪም ቤት የሚያመጣው ሚስቱ ወይም እናቱ ናት፤ አጠገቡ ቆማ እየሰማች «የት ሰነበትክ?» ቢባል ምን ይመልስ?

እነዚያ ቆላዎች ደግሞ ከወባ ሌላ ካላዛር የሚባል በሽታ አላቸው። ተውሳኩን የምታዘዋውረው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። በጥቁር አፈር ስንጥቅ፣ በኩይሳ፣ በግራር አካባቢ ታደፍጣለች። በሽታው ቀስ ብሎ ነው የሚገድል። ለሳምንታትና ለወራት ያተኩሳል፤ ጣፊያ አብጦ በግራ ጎን እስከ እምብርት ይወርዳል፤ ሰውየው ይከሳል፣ ደም ያጥረዋል፣ አፍንጫው ይደማል። ካልታከመ ሁሉንም ይገድላል ማለት ይቻላል። በእኛ አካባቢ ያለ ሐኪም ቢያውቀው እንኳ የቆላ በሽታ፣ የሌላ አገር በሽታ አድርጎ ነበር የሚያውቀው። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሊቦ ከምከም ይኖራል ያለ አልነበረም።

በ1995 እና 96 ዓ.ም. በአማራ ክልል ትልቅ የወባ ወረርሽኝ ነበር። ገዳይ ለሆነው የወባ ዘር ክሎሮኪን መስጠት ከቀረ ዓመታት ሆኖት ነበር፤ እርሱን የተካው ፋንሲዳርም እየከሸፈ፣ ኮአርተም ሊተካው በመንገድ ላይ ነበር። እናም በሊቦ ከምከም ቀበሌዎች ጣፊያቸው ያበጠ፣ መድኃኒት የማያሽራቸው፣ እየከሱ የሚሞቱ ሰዎች ሲበዙ የተሰጠው ስም «መድኃኒት የተላመደ ወባ» ሆነ። ስሙ ከአየር የተፈጠረ አይደለም። መድኃኒት የተላመደ ወባ በእውነት ነበረ፤ ወባም ጣፊያ ያሳብጣል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላል፤ እንዲያ ሲሆን ስላይዱ ላይ የታየችው ወባ ከኋላዋ ያለውን ትሸፍናለች። በዚህ ሁሉ መካከል ግን የወባ ውጤታቸው ደጋግሞ «አልተገኘም» የሆነ ሰዎች ነበሩ። ወረቀቱ እውነቱን እየተናገረ የሚሰማው አላገኘም። ለዓመታት የተለማመድነው እርሱን አለመስማት ነበርና።

በሽታው ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ግንቦት ነው። አገሩ ሁሉ ጆሮው ምርጫው ላይ ነበር፤ ድምፅ የተሰጠው ግንቦት 7 ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ማከም ሲጀምሩ ከምርጫው 10 ቀን ብቻ አልፎ ነበር፤ ግንቦት 17። ከዚያ ዕለት እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2000 ዓ.ም. ድረስ በዚያ አንድ ማዕከል የታከሙት ከ2,400 በላይ ናቸው። ከሕሙማኑ 77.6 በመቶው ወንዶች ነበሩ፤ የዕድሜያቸው መካከለኛ 18 ዓመት። ለሕክምና ከደረሱት የሞቱት 4 በመቶ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው 45ና ከዚያ በላይ የሆኑት ግን ከወጣቶቹ በ5 እጥፍ ይሞቱ ነበር። ወረርሽኙ በ1998 መጀመሪያ ከጣሪያ ደረሰ፤ ፎገራንም አዳረሰ። ግንቦት 1997 ከመድረሱ በፊት «ወባ ነው» ተብለው ቤታቸው የሞቱትን የመዘገበ የለም። ስለ እነርሱ ሳስብ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

እንግዲህ «ቆላ ወርደሃል?» የሚለውን ጥያቄ ሐኪሞች ሁሉ ተማሩት። የሚገርመው ግን ይህ ነው፤ ከታመሙት ውስጥ ከቀበሌያቸው ወጥተው የማያውቁ ሕፃናትና እረኞች ብዙ ነበሩ። በሽታው መጀመሪያ ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች ደም መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ኋላ ግን እዚሁ በግራራችን ሥር ተዋልዶ ነበር። በ171 ታማሚዎችና በተመሳሳይ ቁጥር ጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ላይ የተደረገ ጥናት ያገኘው ቀን ከግራር ጥላ ሥር መተኛት፣ ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር እና ውሻ መኖር ከበሽታው ጋር መያያዛቸውን ነው። ስለዚህ እረኛው ልጅ «ቆላ ወርደሃል?» ሲባል «አልወረድኩም» ቢል እውነት ተናገረ፤ እውነቱ ግን ከምርመራ አስቀረው። ልጁ ያልተጠየቀውን ከየት ያምጣ? ስለ ታማሚ ሐቀኝነት ብቻ የሚያወሩትን ስሰማ ይህ ልጅ ትዝ ይለኛል። ጠያቂው ራሱ የማያውቀውን ነገር ባለማወቁ ልክ ሰፋ አድርጎ መጠየቅ አለበት፤ «ከብት ስትጠብቅ የት ታርፋለህ?» ማለት ነበረበት።

ምርመራው ከመጣ በኋላም ታማሚው ከሚናገረው ውጭ መሄድ አይችልም። የካላዛር ፈጣን መመርመሪያ፣ አርኬ 39 የሚባለው፣ የሚያየው ሰውነት ተውሳኩን ሲዋጋ ያበጀውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ሰውየው ከዳነ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደሙ ውስጥ ይኖራል። ባለፈው ዓመት ካላዛር ታክሞ የነበረ ሰው ዛሬ በሌላ ምክንያት ቢያተኩሰው መመርመሪያው ላይ ሁለት መስመር ሊወጣ ይችላል። ቀድሞ መታከሙን ከተናገረ ከጣፊያው ወይም ከአጥንቱ መቅኔ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ካልተናገረ ግን መርፌው ይጀመርለታል። መርፌውም ቀላል አልነበረም። ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በየቀኑ ለ30 ቀን የሚወጋ ነው፤ ኋላ ከፓሮሞማይሲን ጋር ሆኖ 17 ቀን ሆነ። ልብን፣ ጉበትንና ቆሽትን ይጎዳል። ባልታመሙበት በሽታ ያን መወጋት ምን ማለት እንደሆነ አልጋው ላይ የተኙ ያውቁታል።

ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ሲሆን ነገሩ ይከፋል። ካላዛርና ኤች አይ ቪ አንዱ ሌላውን ያበረታል፤ በአዲስ ዘመኑ መዝገብም ኤች አይ ቪ ሞትን ከሚያባብሱት መካከል ነበር። ያ መርፌ ደግሞ እንዲህ ያሉትን ሕሙማን አብዝቶ ይጎዳል፤ ሐኪሙ ካወቀ ሌላ መድኃኒት ይመርጣል። በአገራችን ነጻ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት መሰጠት የጀመረው በዚያው በ1997፣ በጥር ወር ነው። ካላዛሩ በታወቀበት ዓመት መሆኑ ነው። ስለዚህ ለካላዛር የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ኤች አይ ቪም ይጠየቅ ጀመር፤ ብዙው ሰው የቆመውም እዚህ ላይ ነበር።

ለምን እንደሚደበቅ ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ አይቼዋለሁ። ወረታ ትንሽ ከተማ ናት። ተራ የሚጠብቀው ሰው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከአክስቱ ልጅ፣ ከዕቁብ ጓደኛው፣ ከልጁ መምህር ጋር ነው የተቀመጠ። ስም በጩኸት ይጠራል። ቀይ ካርድ የያዘ ሰው ለየትኛው ክፍል እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ የሚፈልግ ሰው የምርመራ ወረቀት አምጣ ይባላል፤ ወረቀቱ ያልመጣ እንደሆነ ሰፈሩ ምክንያቱን ራሱ ይጽፍለታል። በዚህ መካከል «ባሕር ዳር ተመርምሬ አለብኝ ተብያለሁ» ብሎ በመስኮት ቀዳዳ የሚናገር ሰው ድፍረቱ ከእኔ ይበልጣል። ስለዚህ ስም ቀይረው የሚመረመሩ ነበሩ፤ ውጤታቸውን እያወቁ አዲስ መስለው የሚቀርቡ ነበሩ። እኔ አልፈርድባቸውም። ጥፋቱ ገመና የሚነገርበት ክፍል ያላዘጋጀን የእኛ ነበር።

አንድ ወጣት ሳሉግ አስታውሳለሁ። ጣፊያው ከጎኑ ያበጠ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ከወንድሙ ጋር የመጣ። ወንድሙ ስለ እርሱ ይመልሳል፤ «ከወባ ሌላ ታሞ አያውቅም» ይላል። የካላዛር ምርመራው ሁለት መስመር አወጣ። ወንድሙን ውኃ እንዲያመጣ ላክሁትና በሩን ዘግቼ «ወንድምዓለም፣ ሌላ ቦታ ተመርምረህ የምታውቀው ነገር ካለ፣ የሚወጋህን መድኃኒት ይለውጠዋልና ንገረኝ፤ ከዚህ ክፍል አይወጣም» አልሁት። ዝም አለ። ቆይቶ፣ በቆላ አንድ ጤና ጣቢያ ኤች አይ ቪ እንዳለበት እንደተነገረው፣ መድኃኒቱን ለጥቂት ወር ወስዶ እንደተወ ነገረኝ። ለሐኪሙ አብረን ሄደን ተናገርን፤ ወደ ሌላ ሕክምና ተላከ። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ላይ አንድ ነገር ለወጥሁ፤ አስታማሚ ባለበት ማንንም ስለ ቀድሞ ምርመራ አልጠይቅም።

መመርመሪያው ራሱ የሚሳሳትበት ጊዜም አለና እርሱንም ለታማሚ መናገር ግዴታችን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ጣት ወግተው ለዓመታት ሲያዩበት የኖሩት የወባ ፈጣን መመርመሪያ፣ ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ዘር የሚለየው ዘሩ በሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን ነው። ያ ፕሮቲን ሰውየው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት በደም ውስጥ ይቆያል፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ኮአርተም የጨረሰ ሰው ይህን ካልተናገረ ባልታመመበት ወባ እንደገና ይታከማል፤ እውነተኛው በሽታው ተደብቆ ይከርማል። በተቃራኒው ደግሞ ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን የተሰረዘበት የወባ ዘር በአገራችን ተገኝቷል። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎች የተካተቱበት፣ በ2014 የታተመ ጥናት፣ በዚህ መሰረዝ የተነሳ ከፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 በመቶው መመርመሪያው ሊያያቸው እንደማይችል ገምቷል። አርባ ዓመት ሙሉ «አልተገኘም» የሚለውን ወረቀት እመኑ ስንል ኖረን፣ አሁን «እመኑ፤ ካልተሻላችሁ ግን ተመለሱ፣ በማይክሮስኮፕ እናያለን» ማለት አለብን። ይከብዳል። የሚያስተማምነው ግን እርሱ ነው።

ወባው ራሱ ተመልሷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደመዘገበው እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ 1,157 ሞቷል። እንዲህ ባለ ዓመት፣ መንገድ በሚዘጋበት፣ መድኃኒት በሚያጥርበት ጊዜ፣ ያተኮሰውን ሁሉ ወባ ብሎ ማሰናበት እንደገና ቀላል ይሆናል። የሊቦ ከምከሙ መከራም እንዲህ ባለ የወባ ዓመት ተሸፍኖ ነው ያደገ።

ካላዛር ከተነከሱበት ቀን ጀምሮ እስኪያተኩስ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይቆያል። በጥቅምት ሰሊጥ ሲያጭድ የተነከሰ ልጅ ኅዳር ላይ ጤነኛ ሆኖ ይመለሳል፤ የሩዙን አጨዳ ያግዛል፣ ጥምቀትን ይውላል፣ ምናልባት ያገባል። የሚያተኩሰው መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ነው፤ ወባ በሚቀንስበት፣ ሁመራም ከሐሳቡ በወጣበት ወቅት። በዚያን ጊዜ «ሰሞኑን የት ነበርክ?» ቢሉት «እዚሁ» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ካርድ የሚያወጡለት ልጆች ከስሙና ከዕድሜው ቀጥለው የዓመቱን ይጠይቁት፤ በክረምት የት እንዳደረ፣ በመስከረም የማንን ሰሊጥ እንዳጨደ፣ የት እንደተወጋና ምን እንደተባለ፣ ምን ኪኒን እንደዋጠ። መልሱንም እዚያው ካርዱ ላይ ይጻፉት፤ በሩ ተዘግቶ።